ያልተበላው እንቁላል

አንድ ሰው «ይህን የዶሮ ዘር ከመጥፋት ጠብቄዋለሁ» ሲል የጠበቀው ነገር በትክክል ምንድን ነው? ዶሮዎቹን ነው እንዳንል፣ የዶሮ ዕድሜ አጭር ነው፤ ከብዙ ዓመት በፊት በግቢው ይጭሩ ከነበሩት መካከል ዛሬ በሕይወት ያለች አትገኝም። ደማቸውን ነው እንዳንል፣ ጫጩት ግማሹን ከእናቷ ግማሹን ከአባቷ ወስዳ ነው የምትፈጠረው፤ ያ ግማሽ በየትውልዱ እየተገመሰ ሲወርድ ከአሥር ትውልድ በፊት ከነበረች አንዲት ዶሮ ለዛሬዋ የሚደርሳት ከሺህ አንድ እጅ ገደማ ነው። መልካቸውን ነው እንዳንል፣ ከአንዲት እናት ሥር የተፈለፈሉ ጫጩቶች አንዱ ቀይ፣ አንዱ ገብስማ፣ አንዱ ጥቁር ሆነው ሲያድጉ እናያለን። ዶሮዎቹ ያልፋሉ፣ ደሙ ይቀላቀላል፣ መልኩ ይለዋወጣል፤ ሰውየው ግን አንድ ነገር እንደጠበቀ እርግጠኛ ነው፤ እኛም ዋሸ አንለውም። ይህ ጥያቄ ስለ ሰው ሲነሣ በአገራችን ጩኸት የሚያስነሣ፣ አልፎ ተርፎም ደም የሚያፋስስ ሆኗል። ስለ ዶሮ ሲነሣ ግን ረጋ ብለን ልናገላብጠው እንችላለን። በጌዴኦ ምድር፣ ከዲላ አጠገብ ባለችው በጪጩ፣ በእንሰትና በቡና ጥላ ሥር የሚጭሩትን ዶሮዎች ማስተዋል ከጀመርኩ ወዲህ ጥያቄው እኔን አልለቀቀኝም።

መልሱ ከሁሉ ይልቅ ግልጽ ከሚመስልበት ቦታ ልነሣ። በምዕራብ ፈረንሳይ፣ ከላ ሮሼል ወደብ ብዙም በማይርቅ ረግረጋማ ምድር ላይ ማራን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በስሟ የሚጠራው የዶሮ ዘር በዓለም የታወቀው በእንቁላሉ ነው፤ ቅርፊቱ ከተራው ቡናማ እንቁላል አልፎ የተቆላ ቡና መልክ ይይዛል። የዘሩ አርቢዎች ከ1 እስከ 9 የተደረደረ የቀለም መመዘኛ አላቸው፤ ከ4 በታች የወደቀ እንቁላል የማራን እንቁላል ተብሎ አይቆጠርም። እንግዲህ እዚህ ጥያቄው የተዘጋ ይመስላል። ዘሩ ቀለሙ ነው፤ ጥቁር ቡናማ የምትጥል ከሆነች ማራን ናት፣ ካልጣለች አይደለችም፤ የጠበቀ ሰውም የጠበቀው ይህንን ቀለም ነው። ስለ ማንነት የሚነሡ ክርክሮች ሁሉ እንዲህ በእጅ ይዘው ወደ ብርሃን አቅርበው የሚያዩት ዳኛ ቢኖራቸው ምን ያህል በቀለሉ ነበር።

ነገር ግን ቀለሙን ጠጋ ብለን ስንመረምረው ይሸሸናል። እንቁላል በዶሮዋ ሆድ ውስጥ ቅርፊቱን ለብሶ እስኪጨርስ ሃያ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ቡናማው ቀለም በብዛት የሚቀባው ከዚያ ውስጥ በመጨረሻዎቹ ጥቂት ሰዓታት ነው። ቀለሙ ፕሮቶፖርፊሪን ይባላል፤ ደምን ቀይ የሚያደርገው ንጥረ ነገርም የሚሠራው ከእርሱ ነው። የሚያርፈው በቅርፊቱ ላይ ላዩን ስለሆነ፣ እንቁላሉ ገና እርጥብ ሳለ ቢታሽ ይለቃል፤ ሲሰበርም የቅርፊቱ ውስጠኛ ገጽ ነጣ ያለ ነው። ቀለሙ ስለ ነጩም ሆነ ስለ አስኳሉ የሚነግረን የለም፤ ተጠብሶ ሳህን ላይ ከቀረበ በኋላ ከየትኛው ቅርፊት እንደወጣ የሚለይ ሰው አይኖርም። ዶሮዋ ራሷም ለቀለሙ አትጸናም፤ መጣል ስትጀምር የጠቆረው ቅርፊት እየዋለ እያደር ይፈዛል፣ አርፋ ላባዋን ቀይራ ስትመለስ ደግሞ እንደገና ይጠቁራል። ታዲያ በፈዘዘባቸው ወራት ዶሮዋ ከዘሯ ወጥታ ነበር ማለት ነው? ማንም እንዲህ አይልም። እንግዲያው ከቀለሙ በስተኋላ ቀለሙ ሲጠፋም የማይጠፋ ሌላ ነገር እንዳለ ሁላችንም አምነናል ማለት ነው፤ ምን እንደሆነ ግን ገና አልተናገርንም።

አውራ ዶሮው ደግሞ ነገሩን ከዚህም ያከረዋል። የዘሩ ግማሽ እርሱ ነው፤ ይሁን እንጂ በዕድሜ ዘመኑ አንድ እንቁላል አይጥልም። ዘሩ የሚታወቅበትን ምልክት ለልጆቹ ያስተላልፋል፣ በራሱ ላይ ግን ፈጽሞ አያሳይም። ጥሩ አርቢ አውራውን የሚመርጠው ላባውን ወይም ቁመናውን አይቶ ብቻ አይደለም፤ ከምን ዓይነት እንቁላል እንደተፈለፈለና ሴት ልጆቹ ምን ዓይነት እንቁላል እንደጣሉ ጠይቆ ነው። ማለትም ማንነቱ ያለው በእርሱ ውስጥ ሳይሆን ከእርሱ በፊትና ከእርሱ በኋላ ባሉት ውስጥ ነው፤ እናቱን የማያውቅና ልጆቹን ለማየት የማይታገሥ አርቢ አውራውን ሊያውቀው አይችልም። በዚህ ላይ ሌላ እንቆቅልሽ ይጨመራል። እንቁላል ታቅፎ ጥቂት ቀን ሲሞላው በጨለማ ቤት በመብራት ላይ ይዘው ፅንስ መኖር አለመኖሩን ያዩታል፤ የማራን ቅርፊት ግን በጠቆረ መጠን ብርሃን አያሳልፍም። አርስቶትል የጫጩትን አፈጣጠር ሲጽፍ በሦስተኛው ቀን ልቧ እንደ ደም ነጥብ ስትመታ እንደምትታይ ተናግሯል፤ ያንን ለማየት ግን እንቁላሉ መሰበር ነበረበት። እጅግ የተወደደው ምልክት ምልክት የሆነለትን ሕይወት ይሸፍናል፤ ሕይወቱን ለማየት የፈለገም ሊጠብቀው የፈለገውን ያጠፋል። ስለዚህ ዘር ጠባቂ ሁሉ ሳያይ የሚያምን ሰው ነው።

ቀለሙ ካልሆነ ሐረጉ ይሆን? ዘር ማለት ከየት እንደመጡ ማወቅ ነው፣ ጥንት ከዚህ አፈር የበቀለ ነው እንል ይሆናል። የማራን ዶሮ ሐረግ ሲቆጠር ግን ማራን ላይ አይቆምም። አገሬው ዶሮ ወደ ወደቡ በመርከብ ከመጡ እንግዶች ጋር ተዳቅሎ፣ ኋላም ከቻይና የመጣው ላንግሻን የሚባለው ዘር ተጨምሮበት ነው ያ ቀለም የጠቆረው። ላንግሻን ወደ እንግሊዝ የገባው እ.ኤ.አ. በ1872 ነው። በኔዘርላንድስ በባርኔቬልድና በዌልሱም መንደሮች ስም የሚጠሩት ጥቁር ቡናማ ጣዮችም የእስያ ዶሮ ደም አለባቸው። ከእነዚህ መንደሮች እያንዳንዱ የራሴ ቅርስ ብሎ የሚኮራበት ቀለም እንግዳ ይዞት የመጣ ስጦታ ነው።

የእኛስ? በምሥራቅ ትግራይ መዝበር በተባለ ጥንታዊ ሥፍራ በተደረገ ቁፋሮ የተገኙ የዶሮ አጥንቶች ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው ሺህ ዓመት መግቢያ ገደማ የነበሩ ናቸው፤ በአፍሪካ እስካሁን ከተገኙት ከሁሉ ቀደምት ከሚባሉት ውስጥ ይቆጠራሉ። ሦስት ሺህ ዓመት ሊሞላ የተቃረበ ዕድሜ ነው። ሆኖም ዶሮ ለማዳ የሆነችው በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካ ነው፤ ወደ እኛም የደረሰችው ባሕርና በረሃ አቋርጣ ነው። የአበሻ ዶሮ የምንላት እንግዳ ሆና የመጣችበትን ቀን የሚያስታውስ ስለሌለ ነው እንግዳ መሆኗ የቀረው። ታዲያ እንግድነት የሚያበቃው በስንት ዓመት ነው? እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በጅማና በአለማያ የግብርና ትምህርት ቤቶች በኩል የገቡት የሮድ አይላንድና የሌግሆርን ዶሮዎች ልጆቻቸውን በየገጠሩ ትተው ሄደዋል፤ ዛሬ በአንዲት ገብስማ ቄብ ውስጥ የእነርሱ ደም ቢኖር ማን ይለየዋል? ሰባ ዓመት ያንሳል፣ ሦስት ሺህ ዓመት ይበቃል ካልን፣ መስመሩን በመካከል የት ላይ እናሰምረዋለን? ሐረግ ወደ ኋላ በተከተሉት ቁጥር እየሰፋ የሚሄድ እንጂ አንድ በር ላይ የሚያደርስ መንገድ አይደለም።

ሐረጉም ካልሆነ፣ ምናልባት ቦታው ነው። ከላይ ያነሣኋቸው ጥቁር ቡናማ የሚጥሉ ዘሮች በቦታ ስም መጠራታቸው በከንቱ አይመስለኝም። የእኛ ተመራማሪዎችም የአገር ውስጥ ዶሮን ሲመድቡ ሆሮ፣ ጥሊሊ፣ ጃርሶ፣ ቴፒ እያሉ በተገኘበት ቦታ ጠርተውታል። ጌዴኦ ደግሞ ቦታ ነገርን እንዴት አድርጎ ራሱን እንደሚያደርገው ከማንም በላይ የሚያውቅ ሕዝብ ነው። አርሶ አደሩ ኩሩሜ፣ ደጋ፣ ወሊሾ ብሎ የሚለያቸው የቡና ዓይነቶች በሩቅ አገር ጠጪ ዘንድ ሁሉም ይርጋጨፌ ናቸው፤ ከዛፉ ዓይነት ይልቅ ከፍታው፣ ጥላው፣ አፈሩ፣ የሰዉ እጅ ስም ሆኗል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር የተመዘገበው አንድ ሐውልት ወይም አንድ ዛፍ አልነበረም፤ ትላልቅ ዛፎች፣ እንሰት፣ ቡናና ሰው አብረው የሚኖሩበት ሥርዓት ነበር። ዶሮ የዚያ ሥርዓት አካል ናት፤ ከእንሰቱ ሥር ትሉን ትለቅማለች፣ ቅጠል ትነጫለች፣ የቤቱን ፍርፋሪ ትበላለች፣ ኩሷን ለአፈሩ ትመልሳለች። በዓለም ቅርስ ላይ የሚወራውን ሳዳምጥ ግን ስለ እርሷ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም።

ስለ እንቁላል ደግሞ ቦታ የሚናገረው በውስጡ ነው። የቅርፊት ቀለም በአብዛኛው ከዘር የሚወረስ ሲሆን፣ የአስኳል ቀለም ግን ከምግብ የሚመጣ ነው፤ ሣርና ቅጠል የምትነጭ ዶሮ አስኳሏ ቢጫ ሆኖ ይደምቃል። የእኛ ሸማች ከገበያ የአበሻ እንቁላል ብሎ ትንሹን መርጦ ከትልቁ የበለጠ የሚከፍልበት ዋናው ምክንያት ይህ አስኳልና ጣዕሙ ነው። በማራን የሚታየው ላዩ ሲሆን እዚህ የሚፈለገው ውስጡ ነው፤ እኔም ባዳላ ለዚህኛው ሸማች አዳላለሁ፣ ዓይኑን ሳይሆን አፉን አምኗልና። ሆኖም የእርሱ ዳኝነት ዘርን ሳይሆን ግቢን ነው የሚመዝነው። በጪጩ እንሰት ሥር አንዲት ሳሶ ብትለቀቅ የእርሷም አስኳል ቢጫ ይሆናል። ሳሶ በአገራችን ገጠር ስሟ የገነነ የደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ድቅል ናት፤ በ45 ቀን ዕድሜዋ አካባቢ እየተሸጠች በብዙ መንደር ገብታለች፣ እንቁላሏም ቡናማ ነው። ቦታ ብቻ ዘርን የሚሠራ ቢሆን ኖሮ በጪጩ ጥቂት ዓመት የኖረችው ሳሶ የጪጩ ዶሮ በሆነች ነበር። አልሆነችም፤ ያልሆነችበትን ምክንያት ሳስብ ነው ወደ መልሱ የቀረብኩ የመሰለኝ።

በጪጩ አንዲት እናት ከጣሉላት እንቁላሎች የትኞቹን እንደምታሳቅፍ ጠየቅኋት፤ ልጇ እየተረጎመችልን ነበር። ትልልቁን፣ ያልቆየውን፣ ቅርፊቱ ያልተሰነጠቀውን ትለኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ይህንንም አልካደችም። ግን ቀጥላ «ልጄ፣ እንቁላሉን ብቻ መች አያለሁ፤ የጣለችውን አውቃታለሁ» አለችኝ። «ጭልፊት ሲመጣ ልጆቿን ሰብስባ ቅጠል ሥር የምትገባ አለች፤ ጥላቸው የምትሮጥም አለች። የምትሮጠዋን እንቁላል እንሸጠዋለን።» ፈንግል ገብቶ መንደሩን ባዶ ባስቀረበት ጊዜ የተረፉት የትኞቹ እንደነበሩም፣ የጎረቤት አውራ ከየትኛዋ እንደተወለደም ታውቃለች። ይህን ሁሉ የምታውቀው ጽፋው አይደለም፤ በየማለዳው ቆጥራ ለቅቃቸው፣ በየማታው ቆጥራ አስገብታቸው ነው።

ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1868 ስለ ቤት እንስሳትና ዕፅዋት መለዋወጥ ባሳተመው መጽሐፍ የሰውን ምርጫ በሁለት ይከፍለዋል። አንዱ ግብ አስቀምጦ፣ በዘዴ፣ ዘሩን ወደዚያ ለመውሰድ የሚመርጥ ነው፤ ሌላው የሚወደውን እያስቀረ ሌላውን ከመሸጥና ከማረድ በቀር አዲስ ዘር የማውጣት ሐሳብ ሳይኖረው፣ ሳያውቀው ዘሩን የሚለውጥ ነው። ክፍፍሉ ብዙ ያስረዳል። ቢሆንም በዚች እናት ፊት ቆሜ ሁለተኛውን «ሳያውቁ መምረጥ» ብሎ መጥራት ይከብደኛል። የማራን አርቢ መመዘኛው በወረቀት ላይ አለ፤ የእርሷ በወረቀት ላይ የለም። የጎደለው ጽሕፈቱ ነው፤ ዕውቀቱን ጎደለ ለማለት ምን ማስረጃ አለን? የማራን አርቢ አንድ ነገር ያያል፣ ቀለም፤ እርሷ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ታያለች፤ ድፍረትን፣ ፈሪነትን፣ ትዕግሥትን፣ በሽታ መቋቋምን፣ የገበያ ዋጋን፣ የላባ ቀለምን፣ የዓመት በዓልን። ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ የሚያይ ምርጫ ውጤቱ ወጥ አይሆንም፤ ለዚህ ነው ዶሮዎቿ ቀይ፣ ወሰራ፣ ዝግርማ፣ ጥቁር የሆኑት፤ ለዚህ ነው ከሩቅ የሚመለከታት ሰው ዘር የላትም የሚለው። አንድ ዓይነት ስላልሆኑ ዘር አይደሉም እንላለን፤ አንድ ዓይነት ያልሆኑት ግን ምርጫ ስላልነበረ ሳይሆን ምርጫው ሰፊ ስለነበረ ነው።

እንግዲህ የማራን አርቢም የጪጩዋም እናት የሚገናኙበት አንድ ነጥብ አለ። ሁለቱም ከተጣለው እንቁላል መካከል ጥቂቱን ለይተው አይበሉትም፣ አይሸጡትም። ዘር ያለው በዚያ ባልተበላው እንቁላል ውስጥ ነው፤ ይበልጥ በትክክል ለመናገር፣ ይህኛው ይበላ፣ ይህኛው ይቅር በሚለው ውሳኔ ውስጥ ነው። ቀለሙ የፈረንሳዩ ውሳኔ ምልክት ነው፤ ሐረጉ የውሳኔው ታሪክ ነው፤ ቦታው ውሳኔው የተወሰነበት ግቢ ነው። ውሳኔው በየዓመቱ ካልተደገመ ሦስቱም ይበተናሉ። የማራን ዶሮ ከነጭ ጣይ ጋር ብትዳቀል፣ ጥቁር ቡናማው በብዙ ዘረመሎች የሚወሰን ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ትውልድ ቀለሙ ወደ መካከል ይወርዳል፤ ብዙ ሰው ለብዙ ዓመት የመረጠው በአንድ ሰው ቸልተኝነት ይላላል። ጠብቄዋለሁ ያለው ሰው የጠበቀው ዕቃ አልነበረም ማለት ነው፤ ከእርሱ በፊት የነበሩት የወሰኑትን እርሱም ደግሞ ወስኗል። ሳሶ የጪጩ ዶሮ ያልሆነችበትም ምክንያት እዚህ ላይ ነው። ድቅል ስለሆነች ልጆቿ እርሷን አይመስሉም፤ ስታልቅ የምትተካው ከግቢው በተመረጠ እንቁላል ሳይሆን ከውጭ በመጣ ጫጩት ነው። ከጪጩ መሬት ትበላለች፣ በጪጩ ሰው ግን አልተመረጠችም።

ለዚህ ሁሉ ማሰሪያው መታቀፍ ነው። የአበሻ ዶሮ አሥራ ሁለት ወይም አሥራ አምስት ያህል ጥላ መጣል ታቆማለች፣ ትሞቃለች፣ ጎጆዋን አትለቅም፤ ታቅፋ ሃያ አንድ ቀን ትቀመጣለች፣ ከዚያም ጫጩቶቿን እየመራች ሳምንታት ትቆያለች። በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 ብቻ መሆኑ በከፊል ከዚህ የመጣ ነው። በሂሳብ ዓይን ይህ ብክነት ነው፤ የዘመኑ ጣዮች መታቀፍን እንዲረሱ ሆነው የተመረጡትም ለዚህ ነው። የገጠር እናቶቻችንም እንቁላል ሲፈልጉ የሞቀችዋን ዶሮ ቁልቁል በመስቀል ወይም ወደ ጎረቤት በመውሰድ ሙቀቷን ያስተዉአታል፤ ስለዚህ እነርሱም ሂሳቡን ያውቁታል። ነገር ግን በልዩ ልዩ አካባቢ የሚታየው አንድ ልማድ ሂሳቡን ይገለብጠዋል፤ የውጭ ዘር እንቁላል ያገኘ ሰው የሚያሳቅፈው ለአበሻ ዶሮ ነው። ብዙ የምትጥለው ራሷን መተካት አትችልም፤ ጥቂት የምትጥለው ራሷንም ሌላይቱንም ትተካለች። ታዲያ ከሁለቱ ፍሬያማዋ የትኛዋ ናት? በአንድ ዓመት ቢቆጠር የፊተኛዋ፤ በሃያ ዓመት፣ ጫጩት የሚያመጣው መኪና በማይደርስበት መንደር ቢቆጠር፣ የኋለኛዋ። ቁጥሩ አይዋሽም፤ መልሱ የሚለወጠው ቆጠራው የት ላይ እንዲቆም እንደወሰንን ነው።

ይህን ስል ምርምርን ለመንቀፍ አይደለም። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ከኔዘርላንድሱ ዋኸኒንገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የሆሮን ዶሮ ከውጭ ዘር ሳያዳቅል፣ ከራሷ መካከል እየመረጠ ክብደቷና እንቁላሏ በየትውልዱ እንዲጨምር አድርጓል። እኔ ይህን ሥራ አከብረዋለሁ፤ በቤታችን ያለው እንደሚበቃ ሳይሆን በቤታችን ባለው ውስጥ ገና ያልታየ እንዳለ አሳይቷልና። ጥያቄዬ ግን እዚያም ይከተለኛል። ከብዙ ትውልድ ምርጫ በኋላ ያለችው ሆሮ ወለጋ ከቀረችው ሆሮ ጋር አንድ ናት? ደሟ ያው ነው፤ መራጯ ግን ተለውጧል፣ የተመረጠችበትም ግቢ ተለውጧል። እኔ ባልኩት መንገድ ከሄድን ሁለት ዘር ሆነዋል ማለት ነው፤ አንዷ የገበሬው፣ አንዷ የማዕከሉ። ይህን ስጽፍ ራሴን እጠራጠራለሁ፤ ውሳኔ በየዓመቱ የሚለወጥ ከሆነ፣ በየሰዉ የሚለያይ ከሆነ፣ በጪጩ ብቻ እንደ ቤቱ ብዛት ዘር ሊኖር ነው። ምናልባት መልሱ አውራው ላይ ነው። አውራ አጥር አይከለክለውም፤ የአንዷ እናት ምርጫ በጎረቤቷ ግቢ ይወለዳል፣ የጎረቤቷም በእርሷ። ሳይመክሩ የሚወስኑት ውሳኔ በእርሱ በኩል ተገናኝቶ የመንደር ውሳኔ ይሆናል። ስለዚህ የዘሩ ጠባቂ አንዲት እናት አይደለችም፣ መንደሩ ነው፤ በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ወሰን እንደሆነው ሰው በብዛት ከቀዬው ሲፈናቀል የሚጠፋውም የዶሮው ቁጥር ብቻ አይደለም። ዶሮ በሌላ ዶሮ ይተካል፤ የትኛዋ ከማን እንደተወለደች የሚያውቁት ሰዎች አብረው ካልተመለሱ ግን የተተካችው ዶሮ እንደ አዲስ እንግዳ ናት።

ከሁሉ የሚከብደኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ማራንን የሚጠብቅ ሰው እንቁላል ቢያምረው ከሱቅ ገዝቶ ይበላል፤ ቅርሱ ከምሳው ላይ አይቀንስበትም። የጪጩዋ እናት ለመታቀፍ ያስቀመጠችው እንቁላል ግን ልጇ ያልበላው እንቁላል ነው፤ ወይም ያልተገዛ ጨው፣ ሳሙና፣ ደብተር ነው። ከሩቅ ሆነን «ዘሩን ጠብቁልን» ስንል ዋጋውን ከማን አፍ ላይ እያነሣን ነው? ሳሶ በብዙ ቤት ብዙ እንቁላል አስገብታለች፤ የልጅ አጥንት ከማናቸውም ቅርስ ይቀድማል፤ በዚህ አልከራከርም። የሚቆረቁረኝ ግን ምርጫው ለእናቲቱ የቀረበበት መንገድ ነው። የምትተወው ምን እንደሆነ አልተነገራትም፤ እርሷ ታውቀዋለች፣ ስም የሰጠው ግን የለም። ስም የሌለው ነገር ደግሞ ሲጠፋ ኪሳራ ተብሎ አይመዘገብም።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነው። ቅጽ ይዞ ወደ ቤቷ የሚመጣ የግብርና ባለሙያ ስንት ዶሮ እንዳላት፣ ስንት እንቁላል እንደተጣለ፣ ስንት ጫጩት እንደሞተ ይጠይቃል። ከእነዚያ ጎን ዘንድሮ የየትኛዋን እንቁላል እንዳሳቀፈች፣ ለምን እርሷን እንደመረጠች፣ አውራው የማን እንደነበረ ቢጠይቃት፣ መልሷንም በቁጥር ሳይሆን በራሷ ቃል፣ በቋንቋዋ በጌዴኡፋ ቢጽፈው፣ ቀጥሎም ያንኑ ከጎረቤቷ ቢጠይቅ፣ የፈረንሳዩ መመዘኛ ከያዘው የሰፋ ነገር በእጁ ይገባል። ለደብረ ዘይትም ይጠቅማል፤ ጭልፊት ሲመጣ ልጆቿን ሰብስባ ቅጠል ሥር የምትገባዋን ጭልፊት በሌለበት ቤት ውስጥ ለይቶ መምረጥ አይቻልምና።